የጠበሉ ሰም

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከትዳሬ ወጥቼ አባቴ ቤት የተመለስኩበት ክረምት ስለሆነ አልሳሳትም። እናቴ ካረፈች ቆይታ ስለነበር ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከብቸና ከተማ ወጣ ብላ ባለች ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ ይመጡና በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይከርማሉ። አባቴ ከወይራው ሥር ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ተራ በተራ እየቀረበ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ያርማሉ። በእጃቸው መጽሐፍ ይዘው ሲያስተምሩ አይቻቸው አላውቅም። ያላቸው ሁሉ ራሳቸው ውስጥ ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ለተማሪዎቹ ውኃ ሳደርስ ከጀርባቸው እየቆምኩ ነው። ሰምና ወርቅ የሚሉትንም እንዲሁ በጆሮዬ ለቃቀምኩት። አንድ ቃል ከላይ አንድ ነገር እያለ ከሥሩ ሌላ ነገር እንደሚል የገባኝ ቀን፣ እንስራዬን መሬት አስቀምጬ ብቻዬን መሳቄ ትዝ ይለኛል። አባቴ ዘወር ብለው አዩኝ። አልተቆጡኝም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ማለዳ ከማሕሌት ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ሮጬ ስደግፋቸው ላባቸው ይንጠባጠባል። ቡአ እንዳለባቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መምህር ሰው ለሴት ልጁ እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም፤ ለካ ለዓመታት በመቀነት ጥብቅ አድርገው እያሰሩ ይዘውት ኖረዋል። ያን ማለዳ ግን የወጣው አልመለስ ብሎ ደርቆ ቀረ። ያስታውካሉ፤ ሲያስታውኩ ደግሞ ሕመሙ ይብስባቸዋል።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ብቸና ከተማ ውስጥ እህል ነጋዴ ነበር። ሰው ልኬበት ደርሶ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ያኔ ብቸና ሆስፒታል አልነበራትም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንጀት ወርዶ ታንቋል» አለን። «ዛሬውኑ ሞጣ ሄደው ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው። ካደረ የታነቀው አንጀት ይሞታል። አንጀቱ ከሞተ ደግሞ...» ብሎ ተወው። ቀጥሎ አባቴን ሊያጽናና ፈልጎ፣ «አይፍሩ የኔታ፤ ያስተኙዎታል፤ ምንም አይሰማዎትም» አላቸው።

የፈሩት ገና ያኔ ነው።

አጎቴ ወደ ሞጣ የሚሄድ አይሱዙ አገኘ። ባዶ ጆንያ አነጠፍንላቸውና ከላይ ሸራ ወጥረን ተሳፈርን። አጎቴ ከደብሩ ያስቀዳውን ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዞ በእግሩ መሃል አስቀመጠው። መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ክረምቱ ደግሞ ጠጠሩን አጥቦ ጉድጓድ ብቻ አስቀርቶታል። መኪናው በዘለለ ቁጥር አባቴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ድምፅ ግን አያወጡም። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ እጄን ሳብ አደረጉኝ።

«መቀደዱን አይደለም የምፈራው» አሉኝ። «ተኝቼ ስነሳ ራሴ ባዶ ቤት ሆኖ ቢጠብቀኝስ? መምህሬ የነገሩኝ፣ የእሳቸው መምህር ለእሳቸው የነገሯቸው፣ ሁሉም ያለው እዚህ ነው» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «የተጻፈ ነገር የለኝም። ምን ይዤ ከልጆቹ ፊት እቀመጣለሁ?»

አጎቴ ሊያስቃቸው ሞከረ። «ጋሼ ደግሞ! አፍዝ አደንግዝ ያስነኩኛል ብለው ነው? ማደንዘዣ ነው የሚባለው።»

«ማደንዘዣ፣ አደንግዝ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «ስማቸውን ስሰማው ከአንድ ቤት የወጡ ይመስሉኛል።»

አጎቴ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም።

ሞጣ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል፤ እጁ ግን ቀስ ያለ ነበር። ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ጎናቸውን ዳሰሰ፣ እኔን አስወጥቶ ሌላውን አየ። ሲጨርስ ወደ እኛ ወጣ።

«እኔ እቀድዳቸዋለሁ» አለን። «ግን የምታስተኛቸው ሲስተር ትምጣ። ምጥ ከብዷት ኦፕራሲዮን የምትሆን እናት ዘንድ ናት፤ እሷን እንደጨረሰች ትመጣለች።»

«እርስዎ ማስተኛት አይችሉም?» አለው አጎቴ።

«አልችልም።»

«ዶክተር አይደሉም እንዴ?»

«ዶክተር ነኝ። ግን ያለ እሷ አልነካቸውም» አለና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

አጎቴ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። እኔን ጠጋ አለኝና፣ «አየሽ አይደል? ቢያውቅማ ኖሮ ብቻውን ይሠራ ነበር። እሷን እጠብቃለሁ፣ ያለ እሷ አልነካም... ይኼ ልጅ ገና ሳይጨርስ ነው የላኩት። ደብረ ማርቆስ እንውሰዳቸው» አለኝ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል እንጂ አባቴ ሰምተዋል።

«አንተ» አሉት ከተኙበት። «እኔ ዘንድ ቅኔ የጨረሰ ተማሪ ዜማ ልማር ቢል የት እሰደዋለሁ?»

«ወደ ድጓው መምህር ነዋ» አለ አጎቴ።

«ታዲያ አንድ ቀን፣ ወንድሜ አያውቅም፣ ገና ሳይጨርስ ነው ያስተማሩት ብለህ ሰድበኸኛል?»

አጎቴ ግን፣ «እርስዎ ማንንም አይቀድዱም፤ ይኼ ልጅ ግን ሊቀድድዎት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ቢሆንም ደብረ ማርቆስን ዳግመኛ አላነሳም።

አንዲት ነርስ መጥታ፣ «ምንም ነገር አፋቸው እንዳይገባ፤ እህልም ውኃም» ብላን ሄደች። እኛም እሺ አልን። ከዚያ የላቦራቶሪው ሰው መጥቶ የአባቴን ደም ወሰደ፤ ቀጥሎ የእኔንና የአጎቴን ጣት ወጋ። ዶክተሩ ደም ሊያስፈልገኝ ይችላል ብሎት ኖሯል። የእኔ አልሆነም፤ የአጎቴ ተስማማ። አጎቴ ክንዱን ሰጥቶ ሲመለስ አባቴ ቀና ብለው አዩት።

«አሁን ገና ጉድ ሆንኩ» አሉት። «የአንተ ደም ከገባብኝ ቅኔውን ትቼ የጤፍ ዋጋ ስቆጥር ልውል ነው።»

«ደግሞስ ቢሆን! አንድ ቀን እንኳ ቤትዎ እህል ይገባ ነበር» አለ አጎቴ፣ ዓይኑን እየጠራረገ። ያን ቀን ሦስታችንም አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው አጎቴ ጀሪካኑን የከፈተው። አባቴ ተማጽነው ጣሳውን ተቀበሉ። ጣሳውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ጠጡ፤ የተረፈውን አጎቴ ፊታቸውን ቀባቸው። ነርሷ ያለችው ከሦስታችንም አልጠፋም፤ ግን እሷ የከለከለችው እህልና ውኃ ነው። ይኼ ጠበል ነው። በእኛ ቤት ጠበል ጠጣሁ ያለ ሰው ውኃ ጠጣሁ አላለም። ሁለቱን አንድ አድርገን አስበን አናውቅም፤ ነገሩ ይኼው ነው።

አስተኚዋ መጣች። እኛ እንዲያ አልናት እንጂ ሰው ሁሉ ሲስተር ነበር የሚላት። ቀጭን ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ አላት፤ ከአራስ እናቲቱ ዘንድ በቀጥታ ስለመጣች ጫማዋ ላይ ደም ነበር። ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠችና ጥርሳቸውን አየች፣ አንገታቸውን ቀና አደረገች፣ ደረታቸውን አዳመጠች። ዶክተሩ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን በሉ የኔታ?»

«ምንም ልጄ። ጾም ነው፤ ደግሞም ሕመሙ መች አስበላኝ።»

«ምን ጠጡ?»

«ምንም።»

«ውኃም ቢሆን?»

«ውኃም።»

ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ጢማቸውን እያየች ነበር።

«ጢምዎን ምን አረጠበው?»

«ጠበል ነው» አሏት፤ ምንም የደበቁት ነገር ስላልነበረ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

«ተቀቡት ወይስ ጠጡት?»

«ጠጥቼዋለሁ እንጂ።»

ዶክተሩን ዞር ብላ አየችው። እሱም ተጠጋ።

«ምን ያህል?» አለች።

አጎቴ ብልጭ አለበት። «ጠበል ይለካል እንዴ?»

እኔ ጣሳውን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ፤ የሴትየዋ ፊት ነው ያስነሳኝ። ጣቴን ከአፉ ዝቅ አድርጌ፣ «እስከዚህ ነበር፤ አልተረፈም ማለት ይቻላል» አልኳት። «አሁን ነው፤ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።»

«አንቺ!» አለኝ አጎቴ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ጠበል ውኃ ነው ልትይን ነው? ማተብ አስረሽ? ሰው በጠበል ሲድን እንጂ በጠበል ሲታመም የት አይተሻል?»

አስተኚዋ አልመለሰችለትም። ሳስበው ምን ብላ ትመልስ? ውኃ ነው ብትል ከእምነቷ ልትወጣ ነው፤ ውኃ አይደለም ብትል አባቴ ሊሞቱባት ነው። እጇን ማተቧ ላይ አደረገች።

«ወንድሜ» አሉ አባቴ። ቃሉን እየጎተቱ ነበር የሚናገሩት። «ጠበል ሰምም ወርቅም አለው። ወርቁ ከእግዚአብሔር ነው፤ እሱን ማንም አልነካብህም። ሰሙ ውኃ ነው። ሆዴ ደግሞ የሚያውቀው ሰሙን ነው። ልጅቱ ሰሙን ነው የጠየቀችህ፤ መልስላት።»

አጎቴ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። «እሷ እንዳለችው ነው» አለ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ።

ሁለቱ ሐኪሞች እዚያው እኛ ፊት ተነጋገሩ። ዶክተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲተኙለት ፈልጎ ነበር፤ አንጀቱ ሞቶ ከሆነ ቆርጦ መቀጠል፣ ምናልባትም ሆዳቸውን ከፍቶ መግባት አለበት።

«አላስተኛቸውም» አለች። «እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሆዳቸው ያለው ወደ ላይ ይመለስና ሳንባቸው ይገባል። እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው አይቻለሁ።»

«ብንጠብቅስ?»

«አንጀቱ ይጠብቅሃል?»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ።

«በወገባቸው እወጋቸዋለሁ» አለች። «ከዚያ በታች ይደነዝዛል፤ እሳቸው ንቁ ሆነው ይቆያሉ። ሆድ መክፈት ካለብህ ግን ወደ ላይ ብዙ ልትወጣብኝ አትችልም። የደም ግፊታቸውም ሊወርድብኝ ይችላል። ቁም ስልህ ትቆማለህ።»

ዶክተሩ የለመደው፣ የሚቀለው መንገድ ሌላው እንደነበር ለእኔ ላልተማርኩት እንኳ ያስታውቃል። «እሺ» አለ። «ቁም ስትዪኝ እቆማለሁ።»

አጎቴ አላስቻለውም። «ቆይ እንጂ፤ ዶክተሩ ማን ነው? እርስዎ ወይስ እሷ?»

«ምላጩ የእኔ ነው አባቴ» አለው ዶክተሩ። «ትንፋሻቸው የእሷ ነው።»

አባቴ እንደማይተኙ ሲሰሙ እጄን ጨበጡኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። ቀና ብለው፣ «ስትቀድዱኝ እየሰማሁ ነው ማለት ነው?» አሏት።

«መጎተቱ ይሰማዎታል፤ ሕመሙ ግን አይሰማዎትም። እኔ ራስጌዎ ነኝ። ሲያወሩልኝ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ ዝም እንዳይሉብኝ።»

«ምን ላውራልሽ?»

«የሚያስተምሩትን» አለቻቸው።

ወሰዷቸው። እኔና አጎቴ በሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ጀሪካኑ በመሃላችን። ሕንፃው ጠባብ፣ በሩም ሳሳ ያለ ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ የአባቴ ድምፅ ይሰማን ጀመር። ግእዙን እያዜሙ ያወርዱታል። መጀመሪያ የመምህራቸውን ቅኔ፣ ቀጥሎ የመምህራቸውን መምህር፤ ከማለዳው ጉባኤ ስለማውቃቸው የትኛው የማን እንደሆነ ለይቻለሁ። አጎቴ ቅኔ አይገባውም ነበር፤ ግን ድምፁ ወጣ ሲል እሱም ይተነፍሳል፣ ድምፁ ዝቅ ሲል እሱም ትንፋሹን ይውጣል።

ከዚያ ድምፁ ቆመ።

መሃል ላይ፣ ቤት ሳይመታ ነው የቆመው። የቀረው ቃል ምን እንደሆነ አውቅ ስለነበር በውስጤ ጨረስኩት፤ እሳቸው ግን አልጨረሱትም። አጎቴ ተነሳ። ከውስጥ የብረት ዕቃ ሲቀመጥ ተሰማ፤ የእሷ ድምፅ አጭር ነገር ተናገረ። ከዚያ ምንም። አጎቴ እጁን በሩ ላይ ዘረጋ፤ አልገፋውም፤ እንዲያው ዘርግቶ ቆመ። ስለ አባቴ ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ፣ ያሰብኩት ወይራው ሥር ያለውን ድንጋይ ነው። ባዶውን ታየኝ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ድምፃቸው ተመለሰ። የደከመ ነበር፤ ግን የተዉአትን ያችኑ ቃል አንስተው ቤቷን መቱ። አጎቴ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ዶክተሩ ሲወጣ ልብሱ በላብ ርሶ ነበር። የሞተ ቁራጭ አንጀት ቆርጦ ጤነኛውን ገጥሞታል፤ ሆዳቸውን መክፈት አላስፈለገውም። የአጎቴም ደም ተሰጥቷቸዋል። «መሃል ላይ ግፊታቸው ወረደ» አለን። «እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ዓይኔ ቁስሉ ላይ ነው። እንደ እናንተው በጆሮዬ ነበር የምከታተላቸው። ዝም ሲሉ ሲስተር ቁም አለችኝ፤ እጄን አንስቼ ቆምኩ። ቀጥል እስክትለኝ ቆምኩ።» ከዚያ፣ «ደህና ናቸው» ብሎ ሄደ።

እሷ ኋላ ወጣች። አጎቴን አልፋ እኔ ዘንድ መጣችና፣ «ነገ ሆዳቸው ድምፅ ሲሰጥ ጠበላቸውን ይጠጣሉ፤ እኔ እነግርሻለሁ» አለችኝ። በማግስቱ እንዳለችው ነገረችኝ፤ ጣሳውንም ራሷ ያዘችላቸው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አስተማሩ። ማሕሌት ላይ እንደ ድሮው ረጅም መቆም ስላልቻሉ ተማሪዎቹ መቋሚያቸውን እያደላደሉ ይደግፏቸው ነበር። ከቅኔያቸው የጎደለ አልነበረም፤ እሳቸው ግን አልፎ አልፎ አንዱን አንስተው፣ «ይኼስ አለ?» እያሉ ራሳቸውን ይፈትሹ ነበር። በሌላ በሽታ፣ በቤታቸው፣ ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸው አረፉ። ከተማሪዎቻቸው ሦስቱ መምህር ሆነዋል፤ አንዱ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

አጎቴ ግን ነገሩን አልተወልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጠበል ለኪዋ» ሆነ። ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ማኅበር ላይም ዕቃ የያዝኩ ቀን፣ «ተጠንቀቁ፣ ጠበል ለኪዋ መጣች» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግማሹን ከልቡ እንደሚለው እኔና እሱ እናውቃለን። ወንድሙ የዳኑት በጠበሉ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልተጠራጠረም፤ እኔም ተከራክሬው አላውቅም።

ብቸና ሆስፒታል ከተከፈተ በኋላ የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ በምጥ ተያዘች። ልጁ ዞሮ ተገኘና ኦፕራሲዮን ትሁን ተባለ። ስደርስ አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ አርጅቷል፤ ያ ቢጫ ጀሪካን ይሁን ሌላ እንጃ፣ ጀሪካን ይዟል። አስተኚው ሌላ ሰው ነበር፤ ወጣት ወንድ፣ ለአገሩ እንግዳ። ወረቀቱን እያየ ወደ ክፍሉ ሲያልፍ አጎቴ መንገዱ ላይ ቆመበት። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ጣሳውን ከፍ አድርጎ ጣቱን ከአፉ ዝቅ ብሎ አስቀመጠ።

«ልጄ ጠበል ጠጥታለች» አለው። «እስከዚህ። አሁን፣ ከቤት ስንወጣ ነው።»

ወጣቱ አመስግኖት ገባ። አጎቴ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቆ ዘጋና ከአግዳሚው ሥር አስገባው። ከጎኔ ተቀምጦ እስኪጠሩት ጠበቀ።